ሁለት አያቶችና አንድ ቃል

እናቴን ያስቀየምኳት እኔ ነኝ። ያስቀየምኳት በራሴ አንደበት ሳይሆን ስልኬ ላይ በነበረ ተርጓሚ ነው፤ ግን ጮክ ብዬ ያነበብኩላት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱን ማሽኑ ላይ ልጥለው አልችልም።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው አቡጃ፣ ናይጄሪያ ነው። ባለቤቷ የካኖ ልጅ ነው። ማሌዥያ ሲማሩ ተዋወቁ፣ ኒካሕ አሰሩ፣ ቤታቸውንም በእንግሊዝኛ አቆሙ። እናቱን ሁላችንም «ሐጂያ» እንላቸዋለን፤ ሐጅ ያደረጉ ሴት ናቸውና። ሐጂያ ከሐውሳ ሌላ አይናገሩም። የደሴዋ እናቴ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አትናገርም።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ አራተኛ ወሯን ስትይዝ እናቴ በቪዲዮ ሐጂያን ልታነጋግር ፈለገች። አዲሱን ሻሿን አስራ፣ ቡና አስፈልታ ተቀመጠች። ሐጂያ ግን ፊታቸውን በሻርፓቸው ግማሽ ሸፈኑ፣ ሁለት ቃል ተናገሩና ስልኩን ለልጃቸው መለሱ። እናቴ አማቿን እያነሳች ስታመሰግንም ሐጂያ ልጃቸውን በስሙ እንኳ አልጠሩም። በማግስቱ ስልኬ ላይ ሦስት መስመር የሐውሳ መልእክት ላኩ። ወደ ተርጓሚው ገለበጥኩትና አነበብኩት፤ «አፍራለሁ» ይላል። «ካንቺ ጋር ማውራት አፍራለሁ።»

እናቴ ሲኒውን አስቀመጠች። «በኛ ታፍራለች ማለት ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ ካኖ የሚባል ስም እንዲነሳባት አልፈለገችም። እህቴ «እማ፣ ባህላቸው ነው» ብትላትም «አንቺማ ለባልሽ ወገን ትቆሚያለሽ» ብላ ዘጋቻት።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በመሥሪያ ቤታችን አንድ የማስታወቂያ መስመር ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ሳያየው አይታተምም። ለሳሙና ማስታወቂያ የማደርገውን ጥንቃቄ ለእናቴ አለማድረጌ አንገበገበኝ። እህቴ ከመውለዷ በፊት አምስት ወር ነበረኝ። ሐውሳ ልማር ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስልኬ ላይ አንድ መተግበሪያ ጭኜ በየቀኑ አሥር ደቂቃ መጫወት ነበር። ዝነኛው ዱኦሊንጎ ላይ ሐውሳ አጣሁ። በሰሜን ናይጄሪያና በኒጀር በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ነው፤ ገረመኝ። ፍለጋ ስገባ ግን ያገኘሁት ነገር ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ለዲፕሎማቶቹ ያዘጋጀው መሠረታዊ የሐውሳ ትምህርት ከነድምፁ በነፃ ይገኛል። ድምፁ አሮጌ ሬዲዮ ይመስላል፤ ሰላምታ ግን አያረጅም። ረስል ሹ የሚባሉት የቋንቋ ምሁር በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያኖሩት የሐውሳ ገጽ ሰዋስዉን አስረዳኝ። እ.ኤ.አ. በ1934 የታተመው የባርጀሪ ትልቁ መዝገበ ቃላትም ኢንተርኔት ላይ ይፈለጋል።

ጠዋት ጠዋት ከአያት እስከ ሜክሲኮ በሰርቪስ ስሄድ በጆሮዬ የሚገባው እሱ ሆነ። ማታ ደግሞ ልጆቼ ከተኙ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሚያሰራጨውን የቢቢሲ ሐውሳን ዜና ወይም ካኖ የሚገኘውን የአረዋ 24 ጣቢያ ድራማ እከፍታለሁ። «ዳዲን ኮዋ» የሚባለውን ተከታታይ ሳይ መጀመሪያ ምንም አይገባኝም ነበር። በሁለተኛው ወር ሰላምታውን ለየሁ። በሦስተኛው ቁጣውን።

አማርኛ ለካ ግማሹን መንገድ ይዞኝ ሄዷል። ሐውሳ በቋንቋ ምሁራን ዘንድ ከአማርኛ ጋር በአንድ ትልቅ ቤተሰብ፣ በአፍሮ-እስያዊው፣ የሚቆጠር ነው። «ያ ሙቱ» ማለት «ሞተ» ማለት ነው። እኛ አንተና አንቺ እንደምንለው እነሱም «ካይ» እና «ኬ» ይላሉ። እንግሊዞች የሚቸገሩባት የቀ ድምፅ በሐውሳም አለች፤ በር «ቆፋ» ነው። የጸ ድምፅም አለች። ከዐረብኛ የወሰዷቸው ደግሞ ለእኛ ጆሮ ቅርብ ናቸው፤ ረቡዕ «ላራባ»፣ ሐሙስ «አልሃሚስ»፣ እሑድ «ላሃዲ»። የጠዋት ሰላምታቸው «ኢና ኳና» ቃል በቃል እንዴት አደርሽ ነው፤ መልሱ «ላፊያ»፣ ደህና። ወሎ ውስጥ «አፊያ ነሽ ወይ?» ሲባል ላደገ ሰው ይህ የባዕድ ቋንቋ ነው?

የሚከብደውም አለ። ሐውሳ ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል ትርጉሙ ይቀየራል። «ካይ» ድምፁ ከፍ ብሎ ከቀጠለ አንተ ነው፤ መጨረሻው ላይ ከወደቀ ራስ ነው። ጋዜጣቸው ላይ ግን ምልክት አይደረግበትም። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቆይቼ ሳስበው የእኛም «አለ» ተናገረም፣ ይኖራልም የሚሆነው በመጥበቅና በመላላት ብቻ ነው፣ ፊደሉም አያሳይም። ስለዚህ ከጽሑፍ ይልቅ ጆሮዬን አመንኩ።

በአራተኛው ወር ያቺን መልእክት እንደገና ከፈትኳት። «ኢና ጂን ኩንያ» ትላለች። ቃሏ «ኩንያ» ናት። መዝገበ ቃላቱን አገላበጥኩ፣ ድራማው ላይ የአማት ትዕይንት በመጣ ቁጥር አቁሜ ደግሜ አየሁ። ኩንያ ኀፍረትም ነው፤ ግን ጨዋነት፣ ቁጥብነት፣ ለሰው ክብር ዓይንን መስበርም ነው። በሐውሳ ወግ ሰው ከአማቾቹ ፊት ኩንያ ይይዘዋል፤ ይሸፈናል፣ ቃሉን ያሳጥራል። እናት ደግሞ የበኩር ልጇን በሰው ፊት በስሙ አትጠራም፣ ፍቅሯንም አታሳይም። የእህቴ ባል የሐጂያ በኩር ነው! እናቴ ንቀት ያለችው ሁሉ፣ ሻርፑም፣ ዝምታውም፣ ስም አለመጥራቱም፣ ክብር ነበር።

ያን ማታ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። «እማ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አፍራለሁ አላሉም፤ ይሉኝታ ይይዘኛል ነው ያሉት» አልኳት። ስለ በኩር ልጁም ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየች። «እናቴም አባቴን አንድ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም» አለች። «እሱ ነበር የምትለው። ስንት ዓመት!» ይቅርታ አልጠየቀችም፣ እኔንም አልወቀሰችኝም። ሲኒ ግን ጨመረችልኝ።

እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች። እናቴ በጉልበቷ ሕመም ምክንያት መሄድ አልቻለችም፤ ልጇን አራስ ቤት የምታርሳት ሐጂያ መሆናቸው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቷት አደረ። በማግስቱ ጠዋት ደወልን። ሐጂያ ብቅ አሉ፣ ሻርፓቸው እንደ ድሮው። አምስት ወር የተዘጋጀሁበት ሰዓት ነው። «ሐጂያ፣ ኢና ኳና?» አልኩ። ቀና አሉ። «ካና ላፊያ?» ብዬ ቀጠልኩ። ከኋላቸው ያለው ቤተሰብ በሳቅ ፈነዳ። «ኪና» ማለት ሲገባኝ «ካና» ብዬ ነበር፤ ሐጅ ያደረጉትን እመቤት «ደህና ነህ ወይ?» አልኳቸው። ሐጂያም ሳቁ፤ ሲስቁ ሻርፑ ከፊታቸው ወረደ፣ መልሰውም አልሸፈኑትም።

«አላህ ያ ራያ» አልኳቸው። እናቴ ክንዴን ያዘች፤ «ስለ ራያ ምን አገባችው?» አለች። «ያሳድግልዎ ማለት ነው እማ» አልኳት። «እሷንማ እኔም እላታለሁ» ብላ ወደ ስልኩ ተጠግታ ደገመችው። ሐጂያ «አሚን፣ አሚን» አሉ።

ከዚያ ሐጂያ በፍጥነት ተናገሩ። ከአሥሩ ቃል ሦስቱን ያዝኩ፤ «ጄጎ» አራስነት፣ «ኩኑ» አጥሚት፣ «ሩዋን ዛፊ» ሙቅ ውሃ። «አጥሚቷን እያጠጧት ነው፣ በሙቅ ውሃ እያጠቧት ነው» አልኳት እናቴን። እህቴ ከአልጋዋ ሆና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ያን ጊዜ ገና አለቀሰች።

ሐውሳ ችያለሁ ልል አልችልም። ዜናው አሁንም ያመልጠኛል። ነገር ግን እንደ እኛ ልጅ ወይም እህት ድሮ የባዕድ አገር ላሉት ሰው ለዳሩ ቤተሰቦች ይህን እላለሁ፤ ተርጓሚውን ለሆቴልና ለታክሲ ተጠቀሙበት፣ የሰው ልብ የሚነካውን ቃል ግን ራሳችሁ ሂዱበት። ከሰላምታ ጀምሩ፣ በጆሮ ተማሩ፣ ስትሳሳቱም ይሳቅባችሁ።

እናቴ ዘንድ ፍሪጁ ላይ በእኔ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ ኢና ኳና፣ ላፊያ፣ አላህ ያ ራያ። ዓርብ ዓርብ ራሷ ትደውላለች። ሐጂያም «እንደምን አደርሽ» ማለት ለምደዋል፤ ማታም ቢሆን እሷኑ ነው የሚሏት። እናቴ አታርማቸውም። «ምን አለበት?» ትላለች፣ «ይሉኝታ ይይዛታል።»