ከጎረቤላ ቁልቁል

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መንገደኛ፣ በግራና በቀኝ የተዘረጋውን የገብስና የባቄላ ማሳ፣ በድንጋይ ካብ የታጠረውን የገበሬ ግቢ ከነኩበት ክምሩ፣ ባናውን ተከናንቦ በጎቹን የሚጠብቀውንም እረኛ እያየ፣ ሜዳው ማለቂያ የሌለው መስሎት ሲሄድ፣ ምድር ከእግሩ ሥር ተቆርጣ ከምትወድቅበት ጠርዝ ላይ በድንገት ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገደልና ሸንተረር፣ ከሸንተረሩም ማዶ በጭጋግ ተሸፍኖ እስከ አዋሽ በረሃ የሚወርደው ቆላ ነው። አንኮበር የተቀመጠችው በዚህ ጠርዝ ትከሻ ላይ በመሆኑ፣ ቁልቁለቱን በእግሩ ያልወረደ ሰው የከተማይቱን ታሪክ ከመጽሐፍ ብቻ አንብቦ ይረዳዋል ብዬ አላምንም።

እኔና ባለቤቴ ወደዚህ አገር የምንመላለሰው በመጀመሪያ ነገር ዘመድ ለመጠየቅ ነው። የእናቷ ወገኖች ግን በአንድ ሰፈር የተሰበሰቡ ሳይሆኑ፣ ከደጋው ራስ አንሥቶ እስከ ቆላው አፍ ድረስ በየእርከኑ የተበተኑ ስለ ሆነ፣ ዘመድ መጠየቅና ተራራ መውጣት መውረድ ለእኛ አንድ ሥራ ሆነዋል። የጉዞውንም ቅደም ተከተል የሚወስነው ካርታ አይደለም፤ ታላቅ ሳይጠየቅ ታናሽን መጠየቅ ነውር ነውና፣ ታላቂቱ አክስት በደጋው ጫፍ በጎረቤላ አጠገብ፣ ታናሽ ወንድሟም በታች በአልዩ አምባ በኩል ስለሚኖሩ፣ መንገዳችን ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው። ለጉልበት ከባድ የሆነውን ቁልቁለት አስቀድሞ ዳገቱን ለመመለሻ ማቆየት የእግር ጉዞ አዋቂዎች የሚመክሩት አይመስለኝም፤ የዘመድ ሕግ ግን ከእነርሱ ምክር ይበልጣል።

አክስቲቱን ቤተ ዘመዱ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። እንግዳ ሲመጣ የሚያደርጉት ሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ገብሱን በውኃ አርሰው በሙቀጫ ይሸለሽሉታል፣ ገለባውን በሰፌድ ያበጥሩታል፣ ከዚያም በጋለው ምጣድ ላይ እያመሱ ይቆሉታል። እህሉ መፈንዳት ሲጀምር ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፤ እርሳቸውም አንዲት ፍሬ አንሥተው በጥርሳቸው ከሰበሩ በኋላ መብሰሉን በድምፁ ለይተው ምጣዱን ያወርዳሉ። እኔ ገና በጠዋት መንገድ ለመጀመር ስጣደፍ፣ «ልጄ፣ እግርህ መንገድ እንጂ ቤት አያውቅም? ቁጭ በል እንጂ፣ አፈር ስሆን!» ብለው ጠላውን ይደግሙልኛል፤ ስለዚህ ማልዶ የታሰበው ጉዞ እኩለ ቀን ሳይቀርብ የሚጀመርበት ጊዜ የለም።

በገደሉ አፋፍ ላይ ሌሊቱን በዐለት ስንጥቅ ያሳለፈው የጭላዳ መንጋ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ መስኩ ይወጣል። ከዝንጀሮ ወገን ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እርሱ ብቻ ነውና፣ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣሩን እየነጨ ሲበላ፣ ደረቱም ላይ ያለው ቀይ ምልክት በብርሃኑ ሲታይ፣ እንግዳ ሰው ቆሞ ማድነቁ አይቀርም። እትዬ ግን ከገብስ ሌባ በቀር ሌላ ስም አይሰጡትም፤ እኔም የርሳቸው ማሳ የኔ ቢሆን ኖሮ አድናቆቴ እስከ አዝመራ የሚቆይ አይመስለኝም። በዚያው አፋፍ ባለቤቴ ዘወትር የምትፈልጋት፣ እንግሊዛዊው የአዕዋፍ ተመራማሪ ጆን አሽ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቃትና የአንኮበርን ስም የተሸከመች፣ ቡናማ ዝንጕርጕር ትንሽ ወፍ ትገኛለች፤ ከዐለቱ ቀለም ለይቶ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ፣ ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው ተደባልቆ የበቀለበት፣ ከፍ ሲሉም በአስታ የሚተካው የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ስለ እርሱ ለብቻው መጻፍ ስለሚገባ እዚህ በስም ብቻ አልፈዋለሁ።

ከጎረቤላ ወርዶ የሚገኘው የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ እንደ ጉልላት የሾለ ነው። በላዩ የነበረው የነገሥታቱ ግቢ ፈርሶ፣ ከጥንቱ ሕንፃ የቀረው ጥቂት የኖራ ግንብ ሲሆን፣ በኮረብታውና በዙሪያው ኪዳነ ምሕረትንና ቅዱስ ሚካኤልን የመሳሰሉ አድባራት በዛፍ ተከበው ይታያሉ። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ በ1833 ዓ.ም. በታጁራ በኩል በረሃውን አቋርጦ የመጣውን የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስን የተቀበሉት በዚህ አገር ነው፤ በማግሥቱም ዓመት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ፤ ሃሪስም ያየውንና የሰማውን በሦስት ቅጽ ጽፎ አሳተመ። ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ሐሳቤን የሚይዘው ግን ጎንቾ የተባለው ወህኒ ነው። በዚያን ዘመን ልማድ የንጉሡ ወንድሞችና የቅርብ ዘመዶች ዙፋን እንዳይመኙ በእስር ይጠበቁ ነበርና፣ ሣህለ ሥላሴ ታመው ሳለ ሃሪስ በማማለዱ እስረኞቹ እንደ ተፈቱ እርሱው ጽፏል። እኛ ዘመድ ፍለጋ ስንወርድ ስንወጣ በምንውልበት አምባ፣ ዘመድነት ራሱ ሰውን ለእግር ብረት ያበቃበት ዘመን እንደ ነበረ ማሰብ ይከብዳል።

ከኮረብታው ሥር የሚጀምረው ቁልቁለት የአየሩን ጠባይ በየእርከኑ ይለውጣል። ጋቢው መጀመሪያ ከራስ ወደ ትከሻ፣ ቀጥሎም ከትከሻ ወደ ክንድ ይወርዳል፤ ገብሱ ለጤፍ፣ ጤፉም ለማሽላ ቦታውን ይለቃል። በማሽላው መካከል በተሠራው ማማ ላይ የቆመው ልጅ ወንጭፉን እያጮኸ ወፍ ሲያባርር ሲሰሙ ቆላ መግባት ነው። አልዩ አምባ ከጥንት ጀምሮ አርጎባዎች የሚነግዱባት፣ አዛንና የቤተ ክርስቲያን ደወል በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሚሰሙባት የበር ከተማ ናት። ከባሕር ጠረፍና ከአፋር ምድር የሚመጣው አሞሌ ጨውና የውጭ አገር ጨርቅ በእርስዋ በኩል ወደ ደጋ ይወጣ፣ ቡናውና የዝሆን ጥርሱ ደግሞ ይወርድ ነበር። በዚሁ መንገድ ባሪያዎችም ተነድተው ወደ ባሕር ይወርዱ እንደ ነበር ሳይናገሩ የነገሥታቱን ግርማ ብቻ ማወደስ ግን ከእውነት መጉደል ነው። ሸዋ በብርዱ አምባ ተቀምጣ ባለጠጋ የሆነችው ይህን በር በእጇ በመያዟ ነው፤ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከተሻገሩ፣ በ1879 ዓ.ም.ም አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ግን መንገዱ ሌላ ሆነና አንኮበር ከነገሥታት መናገሻነት ወደ ገበሬ ከተማነት ተመለሰች።

የባለቤቴ አጎት፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ማሽላቸውን ከሚጠብቁበት ጥላ ወጥተው ሲስሙን ስለ እኛ ደኅንነት ከመጠየቃቸው በፊት፣ «እትዬ ደኅና ናት? ጉልበቷስ?» ይላሉ። ማታ በእንግዳ ፊት የሚነሣው ጨዋታ ሁሉ ስለ ደጋ ነው፤ የብርዱ ነገር፣ የወንድማማች ልጆች የድንበር ክርክር፣ የሠርግ ድግስ። ስንነሣም ግማሽ ከረጢት ማሽላና በጨርቅ የታሰረ በርበሬ ያሸክሙናል፤ ማንገራገር ስድብ ይሆናልና ተቀብለን ዳገቱን እንያያዘዋለን። ይህ ዳገት በቀትር አይሞከርም፤ ሊነጋጋ ሲል ተነሥቶም ቢሆን፣ ውኃ ከሚገኝበት ምንጭ ሁሉ አጠገብ ሳያርፉ የሚዘልቀው የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

እትዬ ከረጢቱን ፈትተው በርበሬውን ካሸተቱ በኋላ፣ «በርበሬውን ልኮ እሱ የት ቀረ? ለልደት እመጣለሁ ብሎኝ አልነበረም?» አሉ። ባለቤቴ ስለ አጎቷ ተከራክራ የማሽላው ወቅት እንደሚይዛቸው ብታስረዳም መልስ አልሰጧትም፤ ይልቁንም ከጎረቤት በበቅሎ ወደ አልዩ አምባ ገበያ የሚወርደው ማን እንደ ሆነ ጠይቀው፣ ለወንድማቸው የሚሆነውን የገብስ ዘር ይሰፍሩ ጀመር።