ማቆሚያው የት ነው?

ከመገናኛ ተነስቶ በኮተቤ አድርጎ፣ ካራን አልፎ ለገጣፎ የሚገባ ሰው በታክሲ መስኮት የሚያየው ብዙ ነው። ለስንት ትውልድ መምህራን ያፈራውንና ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን የኮተቤን ግቢ ያያል። አለፍ ሲል ያላለቁ ፎቆች፣ ብሎኬት ቤቶች፣ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሱቆች ይከተላሉ። በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ወደ ተጠቃለለችው ለገጣፎ ሲደርስ ደግሞ የግል ት/ቤቶች ማስታወቂያ ይቀበለዋል። ማስታወቂያው ቀድሞ «ብቁ መምህራን፣ ሰፊ ግቢ፣ ንጹሕ አየር» ይል ነበር። አሁን «በስማርት ቦርድ እናስተምራለን» የሚለው እየበዛ ነው። መምህሩ ከማስታወቂያው ወርዶ ሰሌዳው ወጣበት ማለት ነው።

ሰሌዳውን እኔ አልጠላውም። የኔታም እኮ የፊደል ገበታና መጠቆሚያ ስንደዶ ነበራቸው፤ ያም በዘመኑ መሣሪያ ነበር። ልዩነቱ ስንደዶዋ ከየኔታ እጅ አለመውጣቷ ነው። የጥያቄው ሁሉ መነሻ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መሣሪያው በማን እጅ ነው?

ባለፈው ክረምት ለገጣፎ ውስጥ ባለ አንድ ት/ቤት፣ ስሙ ለጉዳያችን አይጠቅምም፣ መምህራን ቴክኖሎጂን በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚጠቀሙ የ3 ቀን ስልጠና ሲሰጥ ሪፖርቱን እንድጽፍ ተጠራሁ። በብዕሩ የሚያድር ሰው የሠርግ መጥሪያም፣ የኩባንያ መጽሔትም፣ የስልጠና ሪፖርትም ሲጽፍ ነው የሚውለው። 23 መምህራን ነበሩ። አሰልጣኙ ሥራውን የሚያውቅ፣ ትሑት ወጣት ነው። የመጀመሪያው ቀን በማብራትና በማጥፋት፣ ስልክን ከሰሌዳው ጋር በማገናኘት፣ በጣት በመጻፍና የተጻፈውን በማስቀመጥ አለፈ። መምህራኑ ጉልበታቸው አልገባ ባለው የተማሪ ዴስክ ላይ ተደርድረው እንደ ተማሪም ሆኑ፤ የኋለኛው ረድፍ ያወራል፣ የፊተኛው ይጽፋል፣ የመስኮቱ በኩል ውጭ ውጭውን ያያል።

ከቀትር በኋላ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው፣ የ57 ዓመቷ የሒሳብ መምህርት እጃቸውን አወጡ።

«የኔ ልጅ፣ ይህ ነገር እያወራ ሳለ መሐል ላይ ማቆም ይቻላል?»

«አዎ እትዬ፣ እዚህ ጋ አንዴ ይንኩት፤ ይቆማል።»

«ወደ ኋላስ?»

«ይመለሳል።»

«እንግዲያው ከዚያ መጀመር ነበረብህ። ማብራቱንማ ተማሪዎቹ ያሳዩናል።»

ወጣቶቹ መምህራን ሳቁ። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ግን አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም እኛ የፕላዝማ ሰዎች ነን።

ፕላዝማን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ ባዮሎጂውም፣ እንግሊዝኛውም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በሳተላይት አማካይነት በአንድ ሰዓት ለመላ አገሪቱ ይተላለፍ ጀመር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በሙያው የበቃ መምህርና ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ት/ቤት ከአዲስ አበባው እኩል እንዲማር ታስቦ ነው። ስዕሉ ያምር ነበር፤ የልብን አሠራር በእንቅስቃሴ ያየሁት ያኔ ነው፤ በጠመኔ የተሳለ ልብ ከዚያ በኋላ ልብ አልመሰለኝም። ነገር ግን ስርጭቱ ቀጥታ ነውና ሊቆም አይችልም። ለመምህሩ የተተወለት ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ደቂቃ፣ ካበቃ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሙዚቃ ይለቃል፤ ሰዓቱን ይቆጥራል፤ ክፍሉ ሠራም አልሠራ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። እጅ ያወጣ ተማሪ እጁን እንዳወጣ ይቀራል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አመለጠ ማለት ነው።

መምህራኑ በዚያ ዘመን የደረሰባቸውን ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ዐሥርና ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ሪሞት ይዞ በር አጠገብ ሲቆም፣ ከእጁ የወጣው የክፍሉ ጊዜ ነው። መምህር ማለት ደግሞ ከምንም በፊት የጊዜ ባለቤት ነው። «ቆይ፣ ይህን እንደገና እንየው» ማለት የቻለ ሰው ነው መምህር።

ዘጠነኛ ክፍል በ1999 ዓ.ም. ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ተምሮ የመጣ፣ በሒሳብ እኛን ሁሉ የሚያስከነዳ ልጅ ነው። የሴትዮዋን እንግሊዝኛ ሰምቶ፣ በውስጡ ወደ ገዛ ቋንቋው መልሶ፣ ስሌቱን ሲጀምር መልሱ ይነገራል። መጀመሪያ ሰሞን እየተናደደ ይሰርዝ ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ መጻፉን ተወ። የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ ወደ መሰናዶ አላስገባውም። ፕላዝማው ብቻ ጣለው አልልም፤ ቤትም ነበረ፣ ድህነትም ነበረ። ግን እጁን ሳወጣ አይቻለሁ፤ እጁን ያየለት እንዳልነበረም አይቻለሁ።

ይህ ሰው ዛሬ ለገጣፎ ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራል። ሙያውን ከማን እንደተማረ ስጠይቀው ስልኩን አወጣ። ከዩቲዩብ ነው። ቪዲዮዎቹ የቱርክም የሕንድም ናቸው፤ ቋንቋቸውን አያውቅም። «እጃቸውን አያለሁ፤ አቆመዋለሁ፤ እሞክራለሁ፤ ከተበላሸብኝ መልሼ አያለሁ» አለኝ። ያው ስክሪን ነው፣ ያው ባዕድ ቋንቋ ነው፣ ያው ሰው ነው። የተለወጠው ማቆሚያው በእጁ መሆኑ ብቻ ነው።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ መምህር ለምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። ይህንንም የሞከሩት እኛው አገር ላይ ነው። በ2004 ዓ.ም. «ለአንድ ሕጻን አንድ ላፕቶፕ» የሚል ስም ያለው የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማይችሉ ሕጻናት፣ በየመንደሩ 20 ያህል ታብሌት ከነፀሐይ ኃይል መሙያው ሰጠ። አስተማሪም መመሪያም አልነበረም። ድርጅቱ እንደተናገረው አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በጥቂት ሳምንታት የእንግሊዝኛ ፊደል እየዘፈኑ ነበር፤ በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ሆን ተብሎ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት። ዜናው ዓለምን ዞረ። እኔም ስሰማ ኮርቻለሁ፤ የእነዚያ ልጆች ብልሃት ያኮራል።

ነገር ግን ዜናውን ደግሜ ሳስበው እትዬ ያሉትን ነው የሚያረጋግጥልኝ፤ ማብራቱን ልጆቹ ያሳዩናል። መሣሪያ የማወቅ ጉጉትን ይቀሰቅሳል። ከ20ው ልጅ አንዱ ታብሌቱን በታላቅ ወንድሙ ተነጥቆ ዳር ላይ መቀመጡን ግን አያይም። ዘፈኑን ያወቀችው ልጅ ፊደሉን ለይታ ይሁን በዜማው ብቻ አይጠይቃትም። ይህ የሰው ሥራ ነው።

መምህራኖቻችን ደግሞ ከቴክኖሎጂ ይሸሻሉ የሚለው ወቀሳ በ2012 ዓ.ም. ተፈትኖ ወድቋል። በመጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ት/ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ገባ። ማንም ሳያሰለጥናቸው በእጅ የጻፉትን ማስታወሻ ፎቶ እያነሱ የላኩ፣ ሌሊት ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ ድምፃቸውን ቀድተው ያስተላለፉ መምህራን አውቃለሁ። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ተማሪ ግን ከዚያ ሁሉ ውጭ ቀረ። የክረምቱ አሰልጣኝ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ሰዓት ሲናገር፣ ከመምህራኑ ውስጥ የፈተና ጥያቄ በእሱ የሚያወጡ እንዳሉ የተረዳሁት በፈገግታቸው ነው። ስለዚህ ችግሩ ፍርሃት አይደለም። መሣሪያውን ከምን ላይ ማዋል እንዳለባቸው የሚመክሩበት ጊዜና ባልደረባ ማጣት ነው።

ወደ ሦስተኛው ቀን ልመለስ። ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። አሰልጣኙ ተደናገጠ። እትዬ ተነሥተው ጠመኔ ያዙና ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ ግማሽ ሲካፈል ለሩብ ስንት ነው? እያንዳንዱ በብጣሽ ወረቀት መልሱን ጽፎ ከፍ እንዲያደርግ አዘዙ። አብዛኛው 2 ብሎ ጻፈ። አምስቱ አንድ ስምንተኛ ብለዋል። ማንንም አላሳፈሩም። «ግማሽ እንጀራ ውስጥ ስንት ሩብ አለ?» ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ክፍሉ ታመሰ። አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ፣ «ገልብጦ ማባዛት» የሚባለው ዘዴ ለምን እንደሚሠራ ተከራከሩ። ተማሪዎቻቸው የት ላይ እንደሚሳሳቱም እየተነሣ ሄደ። መብራት ሲመጣ እትዬ ያው ጥያቄ ያለበትን የእንግሊዝኛ ቪዲዮ አስከፈቱ። መልሱ ከመነገሩ በፊት አስቆሙት። ወደ ክፍሉ ዞረው «አሁን ምን የሚል ይመስላችኋል?» ሲሉ ወጣቱ አሰልጣኝ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ያዘ።

በእኔ ግምት ከሦስቱ ቀን ስልጠና የተባለው እነዚያ 40 ደቂቃዎች ናቸው። የመሣሪያ እውቀት፣ የትምህርቱ እውቀትና ተማሪ የሚሳሳትበትን የማወቅ ጥበብ አንድ ላይ የተገናኙት ያኔ ነው። አንዱ ከጎደለ ስማርት ቦርዱ ውድ መጋረጃ ነው።

አዲስ ነገር አልተናገርኩም። በአገራችን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የሚባል ሥርዓት አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ራሱን እንዲያሻሽል ይጠይቃል፤ ጉድለቱን በራሱ ለይቶ፣ አቅዶ፣ ሠርቶ፣ ውጤቱን እንዲመዝን ነው የታሰበው። አዲስ መምህርም በነባር መምህር አማካሪነት እንዲጀምር ይላል። በወረቀት ላይ የእትዬ 40 ደቂቃ አለ ማለት ነው። በተግባር ግን ብዙ መምህራን ሲያወሩኝ 60 ሰዓቱ ፎልደር የሚሞላበት፣ ፊርማ የሚሰበሰብበት ሆኖባቸዋል። ወይም ከውጭ በሚመጣ አሰልጣኝ፣ በምሳ፣ በሰርተፊኬትና በቡድን ፎቶግራፍ ያልቃል። ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ መምህሩ ሰኞ ጠዋት ብቻውን ክፍል ይገባል።

እኔ የተሰጠኝ የሪፖርት ቅጽም ይህንኑ ይመስል ነበር። የሰልጣኝ ብዛት በጾታ፣ የስልጠና ሰዓት፣ ወጪ፣ ፎቶግራፍ። ስለ ግማሹ እንጀራ የጻፍኩት አንቀጽ «ለቅጹ አይሆንም» ተብሎ ወጣ። እዚያ ያልገባውን እነሆ እዚህ ጻፍኩት።

የዚያ የዴስክ ጓደኛዬ ልጅ አሁን በዚያው ት/ቤት አራተኛ ክፍል ነው። የአዲሱን ሰሌዳ ክፈፍ የሠራውም አባትየው ነው፤ በልኩ አሳምሮታል። ስልጠናው ባለቀ ሰሞን ሱቁ በር ላይ ሳገኘው «እንዴት ነው፣ አስተማሪዎቹ ሰለጠኑ?» አለኝ። ሰለጠኑ አልኩት።

«አንቺ፣ እንዲያው በሞቴ፣ ልጄ አልገባኝም ሲል የሚያቆምለት አለ?»

አንዷን አውቃለሁ፤ ጡረታ ለመውጣት ግን ሦስት ዓመት ነው የቀራቸው አልኩት። ዝም ብሎ የያዘውን አሉሚኒየም መለካት ቀጠለ። እኔ ደግሞ ወደ ታክሲው ስሄድ ሒሳብ ያዝኩ፤ በዓመት 60፣ በሦስት ዓመት 180 ሰዓት። ቀሪዎቹ 22 መምህራን ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን እንኳ እትዬ ክፍል ኋላ ዴስክ ላይ ቢያሳልፉት፣ ለዚህ አሰልጣኝ ከውጭ መጥራት፣ መብራት መጠበቅም አያስፈልግም። ዳይሬክተሩ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ቢያስተካክል ይበቃል።