በሰከንድ ሰባት ጊዜ

የሜታሊካ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ፍጥነቱ በደቂቃ 212 ምት አካባቢ ነው። ዋናው ሪፍ ላይ በእያንዳንዱ ምት ክሩ ሁለት ጊዜ ይመታል። ስታሰሉት፣ ቀኝ እጅ በሰከንድ ሰባት ጊዜ ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ዘፈኑ ደግሞ ከስምንት ደቂቃ በላይ ነው። መሀል ላይ ያ ቀስ የሚለው ክፍል ባይኖር ኖሮ ማን ይችለው ነበር?

ብዙዎቻችሁ ዘፈኑን የምታውቁት እ.ኤ.አ. በ2022 «ስትሬንጀር ቲንግስ» ላይ ኤዲ ጣሪያ ላይ ቆሞ ሲጫወተው አይታችሁ ይሆናል። አልበሙ ግን የወጣው በ1986 ነው። በዚያው ዓመት ስሌየር «ሬይን ኢን ብለድ»ን ለቀቀ፤ 10 ዘፈን፣ ባጠቃላይ 29 ደቂቃ ገደማ። ትራሽ ሜታል እንዲህ ነው፤ የሚያባክነው ጊዜ የለውም።

ጊታሪስት ፍጥነት ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ በፒኩ ወደ ታችም ወደ ላይም ይመታል። ድካሙ በብዙ ይቀንሳል። ጄምስ ሄትፊልድ ግን ይህን ሪፍ ወደ ታች ብቻ እየመታ ነው የሚጫወተው። ልዩነቱን ጆሮ ያውቀዋል፦ ወደ ላይ የሚሄደው ምት ቀለል ይላል፣ ወደ ታች የሚወርደው ግን ሁሌም እኩል ይከብዳል።

ከዚያ የመዳፍ ነገር አለ። የመዳፍ ጎን ክሮቹ ላይ፣ ብሪጁ አጠገብ ያርፋል። ትንሽ ወደ ፊት ከሄደ ድምፁ ይሞታል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ካለ ክሩ ያመልጥና ይጮኻል። ክራር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ክራር በመምቻ ሲመታ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች አፍኖ ይይዛል። ዝም ማሰኘትም መጫወት ነው።

ማታ ማታ አምፕሊፋየር ሳልሰካ ስለምለማመድ ቤት ውስጥ የሚሰማው ጭክ ጭክ ጭክ ብቻ ነው። እናቴ አንድ ቀን በሩን ከፍታ «ልብስ ስፌት ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ቁርጥ የስፌት መኪና።

እስከ 160 ችግር የለም። 180 ላይ ከክርኔ በታች ያለው ጡንቻ መጋል ይጀምራል። 190 ላይ እጄ ድንጋይ ይሆናል። ይሄ «ቻል አድርጊው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ጅማት አንዴ ከታመመ ለወራት ሊያስቀምጥ ይችላል። እኔ ደግሞ እንጀራዬን የምበላው በዚሁ እጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስጽፍ ነው የምውለው። ይህ እጅ ከታመመ የሚቆመው ሪፉ ብቻ አይደለም፣ የቤት ኪራዩም ጭምር እንጂ።

ስለዚህ ሕግ አለኝ። ሜትሮኖሙን 120 ላይ እጀምራለሁ። አራት ዙር ያለ እንከን ከሄደ አራት ምት እጨምራለሁ። ህመም ከመጣ በቃ፣ የዕለቱ ልምምድ አለቀ። ከ184 በላይ ሙሉውን ሪፍ አልሞክርም፤ አንድ ባር በፍጥነት፣ አንድ ባር ዝም። ዝም በሚለው ባር ትከሻዬን አወርዳለሁ፣ እተነፍሳለሁ።

እጅ ሰባት ጊዜ ለመውረድ ሰባት ጊዜ መመለስ አለበት። የሚወርደው ይሰማል፣ የሚመለሰው አይሰማም። ዕረፍቱ ያለው እዚያ፣ በማይሰማው ውስጥ ነው። ትራሽ የቁጣ ሙዚቃ ነው ይባላል፤ ነውም። ግን ከሥራ ተናድጄ የመጣሁ ቀን 170 እንኳ አይሞላልኝም። ፒኩን አንቆ የያዘ እጅ አይፈጥንም። ቁጣው ሪፉ ውስጥ አለ፤ ከእኔ የሚፈለገው የላላ አንጓ ነው።

ዛሬ ሙሉውን ሪፍ በንጽህና የምጨርሰው 184 ላይ ነው። 28 ምት ይቀረኛል። በአራት በአራት ሲቆጠር ሰባት እርምጃ ነው። ባለፈው ወር ስምንት ነበር።