ይህ ወር ማን ይባላል?

የእንግሊዝኛን ቋንቋ በመዝገበ ቃላት የሰበሰበው ሳሙኤል ጆንሰን፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1783 አንድ ሌሊት ከእንቅልፉ ነቃ፤ በዚያው ሌሊት ንግግሩ ተወሰደ። አእምሮው ሄዶ እንደሆነ ለመፈተን በላቲን አጭር ጸሎት በግጥም ደረሰ። ግጥሙ ያን ያህል ጥሩ አልነበረም፤ ጥሩ አለመሆኑን ግን ለየ፤ በዚህም አእምሮው እንዳልተነካ ተረዳ። ስዊድናዊው ገጣሚ ቶማስ ትራንስትሮመርም እ.ኤ.አ. በ1990 ስትሮክ መትቶት አብዛኛውን ንግግሩንና የቀኝ እጁን ኃይል አጣ። ከዚያ በኋላ በግራ እጁ ፒያኖ እየተጫወተ፣ ግጥምም እያሳተመ ቆይቶ በ2011 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

እኒህን ታሪኮች ለረጅም ጊዜ የማውቃቸው እንደ ተረት ነበር፤ ያማሩና የራቁ። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማሩት፣ ዛሬ ሜሪላንድ ከእኛ ጋር የሚኖሩት አባቴ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት 26 ቀን እስኪመቱ ድረስ።

የመጀመሪያው የመጣው በአንጎላቸው ቀኝ በኩል ነው። ግራ እጃቸው ዛለ፤ አፋቸው ተጣመመ። ሐኪሟ ለስትሮክ ሕሙማን ሁሉ የሚቀርበውን ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ «ይህ ወር ማን ይባላል?» አባቴም በኮልታፋ አንደበት «ጥቅምት» አሉ። የእርሷ የቀን መቁጠሪያ ኖቬምበር ይላል። እኔ በመካከል ቆሜ የሁለት ዘመን አቆጣጠር አስታራቂ ሆንኩ፤ መልሱ ትክክል ነው አልኩ።

ከዚያ የሆነውን በቃል መግለጽ ቀላል ነው፤ ማመን ነው የሚከብደው። በብሽሽት የገባ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ሽቅብ ተጉዞ፣ በአንገት አልፎ፣ አንጎል ውስጥ እስከተዘጋው ሥር ይደርሳል። የሽቦ ወንፊት በረጋው ደም ውስጥ ይዘረጋል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ደሙን እንደያዘ ተስቦ ይወጣል፤ አንዳንዴም የረጋው ደም በቱቦው ይመጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሆላንድ በ500 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናትና በዚያው ዓመት የታተሙ ሌሎች አራት ጥናቶች የሕክምናውን ጥቅም አረጋገጡ። በ2018 ደግሞ በምስል ተለይተው ለተመረጡ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊጠቅም እንደሚችል ታየ። ይሁንና ጊዜ አይታገሥም፤ ትልቅ ሥር በተዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ይገመታል።

ወንፊቱ ግን የሚያጸዳው ቦዩን እንጂ ምንጩን አይደለም። ምንጩ ልብ ነበር። ምቱ የተዛባ ልብ በላይኛው ግራ ክፍሉ ደም ያቁራል፤ የቆመ ደም ይረጋል፤ የረጋውም ተነቅሎ ወደ አንጎል ይነጉዳል። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይህን ይከላከላል። ነገር ግን ገና በቆሰለ አንጎል ላይ ቶሎ ቢጀመር ደም መፍሰስን ያሰጋል፤ ቢዘገይ ሌላ ጓል ይመጣል። ሐኪሞች በእነዚህ በሁለቱ ፍርሃቶች መካከል ቀን ይቆጥራሉ። ሲቆጥሩ ሳለ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ ኅዳር 5፣ ሁለተኛው መጣ።

ይኸኛው የመጣው በግራ በኩል ነው፤ ቃል በሚኖርበት ወገን። የወሩ ስም ተጠየቀ። አባቴ አዩን፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። በደም ሥር የሚሰጠው ጓል የሚያሟሟ መድኃኒት በቅርቡ ስትሮክ ለመታው ሰው በተለምዶ አይሰጥም። የቀረው መንገድ ያው ቱቦ ነበር። አንድን ሰው በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ በዚህ መንገድ ማከም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ሐኪሟ ዕድሜያቸውን ከመዝገቡ አንብባ፣ ሰባ ስምንት፣ ወደ እኔ ዞረችና «ትናንት እንዴት ነበሩ?» አለች።

ከዚህ ጥያቄ የከበደ ተጠይቄ አላውቅም። መልሴ ለመወሰን ከሚያግዟት ነገሮች አንዱ እንደነበር ገብቶኛል። ትናንት በምርኩዝ እስከ መስኮቱ ተራምደው ነበር። ትናንት ለዘመድ የጻፍኩትን መልእክት አንብበው «ሥራ በንጉሡ ሠ ነው» ብለው አርመውኛል። ይህንኑ ነገርኳት። የፊደሉን ነገር ለመተርጎም ጊዜ አልነበረም፤ አርመውኛል የሚለው ግን በቂ ነበር። ፈረምኩ። ወሰዷቸው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ያው ጥያቄ ተጠየቀ። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያም አባቴ «ኅዳር» አሉ። ነርሷ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

በአገራችን ይህን ድንገተኛ ምት መጋኛ የሚሉት ብዙዎች ናቸው። በልጅነት በቸል በተባለ የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የልባቸው በር ተጎድቶ፣ ገና በወጣትነታቸው ለዚሁ ጓል የሚዳረጉም አሉ። ለአብዛኞቹ ወንፊቱ ሩቅ ነው። ቅርብ ሊሆን የሚችለው የጉሮሮን ሕመም በጊዜ ማከም፣ የልብን ምት በጣት መዳሰስ፣ ማቅጠኛውን በክትትል መውሰድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል ለደም ሥርም ይሠራል።

አባቴ ዛሬ ማቅጠኛቸውን በየዕለቱ ይወስዳሉ። እንግሊዝኛቸው አብዛኛው አልተመለሰም፤ አማርኛቸው ግን ቀስ እያለ እየመጣ ነው። የተማሪዎቻቸውን ስም ይረሳሉ። አንዳንዴ አንድ ቃል ፈልገው ሲያጡ እጄን ይይዙና ይጠብቃሉ፤ እኔም ቃሉን ቀድሜ አልነግራቸውም። እንጠብቃለን።