እየሮጡም ይወፈራል?

ለሩጫ ውድድር ስትዘጋጅ የሰነበተች ሴት ከሁለት ወር በኋላ ሦስት ኪሎ ጨምራ ብትገኝ ምን ትሏታላችሁ? «ተደብቃ ትበላለች» እንደምትሉ እገምታለሁ። እኔም ስለ ሌላ ሰው ቢነገረኝ እንዲሁ እል ነበር። ነገሩ የደረሰው ግን በራሴ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተመዘገብኩ። ይህ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ወር፣ በአዲስ አበባ የሚካሄደው ውድድር ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ሮጬ የማላውቅ፣ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ የምውል ሴት ነኝ። ስለዚህ በሳምንት አራት ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት እየተነሣሁ ከአየር ጤና በቶታል በኩል ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ መሮጥ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የነቁብኝ የሠፈር ሰዎች ናቸው። «ምነው ሰሞኑን አማረብሽ፤ ተመቸሽ መሰል!» ይሉኝ ጀመር። በአገራችን ይህ ምርቃት መሆኑን ታውቃላችሁ። ለእኔ ግን የሚያባንን ንግግር ሆነብኝ። በጥቅምት መጨረሻ ከመንገድ ዳር ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ቆሜ ተመዘንኩ። መስከረም ላይ 64 ኪሎ የነበርኩት 67 ሆኛለሁ። «ሚዛንህ ተበላሽቷል» አልኩት። «እትዬ፣ አሁን ከእርስዎ በፊት የተመዘኑት ሰውዬ ምንም አላሉም» አለኝ።

በዚያው ቀን ማታ እራት ተውኩ። በማግስቱ ቁርሱንም በባዶ ቡና ተካሁት። ሩጫውን ግን አላቋረጥኩም። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ማለዳ መንገድ ላይ ዓይኔ ጭልም አለብኝና የመብራት ምሰሶ ተደግፌ ቀረሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት ውኃ አቀመሱኝና፣ «ልጄ፣ ጾም ከሆነ ሩጫው ይቅርብሽ፤ ሩጫ ከሆነም ብዪ» አሉኝ።

ከዚህ የባሰው ግን እቤት የጠበቀኝ ነው። የዚያን ዕለት ማታ የአሥር ዓመት ልጄ እንጀራዋን ሁለት ጊዜ ጎርሳ ትሪውን ገፋችው። አመመሽ ወይ ብላት፣ «አላመመኝም፤ እንደ አንቺ ልቀንስ ብዬ ነው» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ብዪ እንዳልላት የእኔው ጉርሻ ሳይነካ ተቀምጧል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያገኘኋት ነርስ የደም ግፊቴን ለካች፤ የደም ማነስ እንዳለብኝ እንድመረመር አደረገች። የወር አበባዬ ሳይዛባ ይመጣ እንደሆነ፣ ያረገዝኩ እንደሆነ፣ የወሊድ መከላከያ እወስድ እንደሆነም ጠየቀችኝ። በሽታ አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ የሰጠችኝ ማብራሪያ ለሁላችንም የሚጠቅም ስለመሰለኝ እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

ሩጫ የለመደ ጡንቻ ለጉልበት የሚሆነውን ስኳር ያከማቻል። እያንዳንዱ ግራም የተከማቸ ስኳርም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። አዲስ ሥራ የበዛበት ጡንቻ ለጊዜው ያብጣል፤ በደም ውስጥ ያለው ውኃም ይጨምራል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ሰውነታችን ውኃ እንደሚይዝ ደግሞ የምናውቀው ነው። ሚዛኑ ይህን ሁሉ ከስብ ጋር ደምሮ ይቆጥራል እንጂ ለይቶ አይናገርም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በውኃ ላይ ማላከክ አይገባኝም። እኔን የሚያህል ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያቃጥለው 320 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ያህል ካሎሪ አለው። የአንድ ማለዳ ሩጫ ሦስት ማንኪያ ዘይት አይሞላም ማለት ነው! እኔ ግን «ዛሬ ሮጫለሁ» እያልኩ ፍርፍሩን እደግም፣ ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር አጣፍጥ፣ ከሥራ ስገባም ተቀምጬ ልጄን እልክ ነበር።

መፍትሔው ታዲያ ረኀብ አልነበረም። እራቴን ከልጄ ጋር መብላት ጀመርኩ። ዘይት ከጠርሙሱ ማንቆርቆሬን ትቼ በማንኪያ እየለካሁ ወጥ እሠራለሁ። ስኳሩን ወደ አንድ ማንኪያ አወረድኩ። ከሩጫ ስመለስ ምስር ወይም ሽሮ ያለበት ቁርስ እበላለሁ። ማታ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ። በየቀኑ መመዘኔንም ትቼ በሳምንት አንድ ቀን ወገቤን በልብስ ሰፊ ሜትር እለካለሁ።

የታላላቆቹ ሯጮቻችን ሰውነትም ጊዜ ይጠይቃል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካገኘች በኋላ ወልዳ በመመለስ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ በዚያው ርቀት ዳግመኛ አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባም በ2007 ዓ.ም. ወልዳ፣ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ የነሐስ ሜዳልያ ያገኘችው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። እነርሱ ይህን ያህል ከጠበቁ፣ እኔ በሁለት ወር መቸኮሌ ምን የሚሉት ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ክብደት በድንገት የጨመረባት፣ ፊቷ ወይም እግሯ ያበጠ፣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ብርድና ድካም የማይለቃት፣ አንገቷ ላይ እብጠት ያየች ወይም የወር አበባዋ የቀረባት እኅት ነገሩን ለሩጫው ብቻ ሰጥታ ዝም አትበል። የወሊድ መከላከያ መርፌ አንዳንድ ሴቶችን ሊያወፍር ይችላል፤ ሆኖም በገዛ እጅ ከማቋረጥ ባለሙያ ማማከር ይሻላል።

ውድድሩ በደረሰ ጊዜ 66 ኪሎ ነበርኩ። ወገቤ ግን በአራት ሴንቲ ሜትር ቀንሶ ነበር። ዐሥሩንም ኪሎ ሜትር ሳላቋርጥ ጨረስኩ። እቤት ስገባ ልጄ ምሳ አቅርባ ጠበቀችኝ። ስንት ኪሎ እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም፤ «ራበሽ አይደል?» ነው ያለችኝ። አዎን አልኳት፤ አብረንም በላን።