የደሴቱ ልጆች

በእኛ በከሚሴ ሠርግ አውራጅ አለ፣ ተቀባይ አለ፤ ለብቻው የሚጨፍር የለም። አዲስ አበባ መጥቼ በአንድ ምሽት ቤት ሳልሳ የሚደንሱ ጎልማሶችን ሳይ ግን የገረመኝ የእግራቸው ቅልጥፍና አልነበረም። ይህን ጭፈራ ከየት አመጡት? አልኩ።

ነገሩ ከጦርነት ይጀምራል። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ በ1970 ዓ.ም. የኩባ ወታደሮች ከወገን ጦር ጎን ተሰለፉ። ከጦርነቱ በኋላ፣ አባቶቻቸው የተሠዉባቸውን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። መኖሪያቸው «የወጣቶች ደሴት» ሆነ። የቀኑን እኩሌታ ይማራሉ፤ እኩሌታውን በፍራፍሬ እርሻ ይሠራሉ።

እኛ በደፈናው ሳልሳ የምንለውን ዳንስ ኩባውያን ካሲኖ ይሉታል። ጥንዶች ክብ ሠርተው፣ በአንድ መሪ ጥሪ ተጣማሪ እየተለዋወጡ ሲደንሱት ደግሞ ሩዌዳ፣ ማለትም መንኮራኩር ይባላል። በክቡ ውስጥ ያለተጣማሪ የሚቀር የለም። ያለወላጅ ላደገ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አገራቸው የገቡት የላካቸውን መንግሥት አላገኙትም። የቀራቸው ትምህርታቸው፣ ስፓንኛቸውና ይህ ዳንስ ነበር። እሱንም ለሌላው አስተማሩት።

ዛሬ ብዙዎቹ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። አንባቢ ሆይ፣ ከእነሱ አንዱን ያገኘህ እንደሆነ እርምጃውን ብቻ አትማር፤ የአባቱንም ስም ጠይቀው።