አሮጌው ፓምፕ በፌስታል

አባቴ አዲስ አበባ ሳለ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ ከመጣ በኋላ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታክሲ ነዳ። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ዕድሜውን በሙሉ መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ነው፣ መኪናዋ ግን ሁልጊዜ ወይ የመንግሥት ነበረች ወይ የእንጀራ። «ለደስታዬ» ብሎ መኪና የገዛው በ2021 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ጉዳዩ ራሱ የፈረንጅ ወረቀት ጉዳይ ነውና።)

መኪናዋ ያገለገለች፣ የ2015 ስሪት፣ ባለ ቆዳ ወንበር የቅንጦት ኤስዩቪ ናት። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም። በልባችሁ የገመታችሁትን እዚያው ልባችሁ ውስጥ አቆዩልኝ፤ ምናልባትም ተሳስታችኋል። እማዬ «በዚህ ገንዘብ ስንት ነገር ይሠራ ነበር» ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈች። በሁለተኛው ሳምንት ወንበሩ እንደሚሞቅ ስታውቅ ታረቁ።

እናላችሁ… የ2023 የከተራ ዕለት ማታ ነው። አባዬና እማዬ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ፣ ቤልትዌዩ ላይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው ቀለበት መንገድ ነው)፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወስደው መውጫ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ነጠቅ ነጠቅ አደረጋትና ሞተሯ ጠፋ። አባዬ ሲያወራው አጭር ነው፤ «ቤንዚን ረገጥኩ፣ የለም። መሪው ድንጋይ ሆነ። ፍሬኑም ጠጠረ።» እማዬ ስታወራው ግን ረጅም ነው፤ ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና መብራት አለበት፣ የጥሩምባው ድምፅ አለበት፣ የተሳለችው ስለት አለበት። አባዬ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ በነበራት ግስጋሴ ሦስት መስመር አቋርጦ ዳር አወጣት። ሌላ ሰው ቢሆን እንዴት ይሆን እንደነበር ሳስበው ሌሊት እንቅልፌ ይሸሻል። እኔ ለምሳሌ አልችለውም ነበር።

ጎታች መኪና ተጠርታ ወደ ዲለሩ ተወሰደች። በማግሥቱ አብሬው ሄድኩ፤ አባዬ እንግሊዝኛው ደኅና ነው፣ ግን ክርክር ሲመጣ እኔን ወደፊት ይገፋኛል። የአገልግሎት ክፍሉ ልጅ ኮምፒውተሩን እያየ የነዳጅ ፓምፑ መሞቱን ነገረን። ዋስትናዋ ስላለቀ ማስቀየሪያው ከነእጁ 2,140 ዶላር ነው። ቀጥሎ፣ እንደ ዋዛ፣ «መጥፎ ነዳጅ ቀድታችሁ ሊሆን ይችላል» አለ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ለአባዬ መተርጎም አላስፈለገኝም። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ዲለሩን ለቀን እስክንወጣ ዝም አለና በር ላይ፣ «ላምባ ቀላቅለሃል ነው የሚለኝ?» አለኝ። አዲስ አበባ ሾፌር የነበረ ሰው ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቤንዚን ሸጦ በላምባ የሞላ ሾፌር ስሙ ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ አይወጣም ነበር። እቤት ስንደርስ ጓዳ ገብቶ የጫማ ካርቶን ይዞ መጣ። የታክሲ ሰው ለግብር ሲል የቤንዚን ደረሰኝ ማስቀመጥ ለምዷል፤ ታክሲውን ከተወ በኋላም ልማዱ አልተወውም። የሁለት ዓመት ደረሰኝ፣ ከአንድ ማደያ፣ በቀን ቅደም ተከተል። «ይኸው፣ አንብቢላቸው» አለኝ። ለማን ነው የማነበው? እዚያ ቤት የከሰሰን ሰው የለም፤ ጥርጣሬውን ጣል አድርጎ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ነው የዞረው።

መኪናዋን አስጎትተን አሌክሳንድሪያ ወዳለው መካኒካችን ወሰድናት። የኛው ሰው ነው። በ850 ዶላር ቀየረልን፤ አባዬ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠው፣ እሱ ደግሞ አሮጌውን ፓምፕ በፌስታል አድርጎ አስረከበው። የኛ አገር ጋራዥ ልማድ ነው፤ ዕቃውን በእውነት እንደቀየረ ማሳያው አሮጌውን ለባለቤቱ መመለስ ነው። ደረሰኝ አልተጠየቀም፣ አልተሰጠምም። ሃያ ዓመት የተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ ደረሰኝ መጠየቅ «አላምንህም» እንደ ማለት ይቆጠር ነበር።

መካኒኩ ፓምፑን ፈትቶ አሳይቶናል። ነገሩ የሚደንቅ ነው። የዛሬ መኪኖች ፓምፕ የተቀመጠው ታንኩ ውስጥ፣ ቤንዚን ውስጥ ተዘፍቆ ነው። በውስጡ ትንሽ የፕላስቲክ ተሽከርካሪ አለች፤ ከአንድ የቢራ ቆርኪ እምብዛም አትበልጥም። እሷ ናት በፍጥነት እየዞረች ነዳጁን ወደ ሞተር የምትገፋው። በሷና በቤቷ መካከል ያለው ክፍተት የፀጉር ያህል ነው። ፕላስቲኳ ቤንዚን መጥጣ ካበጠች ግድግዳውን መፋቅ ትጀምራለች፤ መጀመሪያ ታዳክማለች፣ በኋላ ትቆማለች። የኛዋ ጠርዟ ተፍቆ፣ እንደተጋገረ ቂጣ ዳርዳሯ ተጣምሞ ነበር። ሁለት ቶን የሚመዝን የቅንጦት መኪና፣ ከነሚሞቀው ወንበሩ፣ በዚህች ነገር ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው።

በሽታው የኛ ብቻ አይደለም። በጃፓኑ ዴንሶ የተሠሩ የነዳጅ ፓምፖች በዚሁ የተሽከርካሪ ማበጥ ችግር በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖችን አስጠርተዋል። (የኛ መኪና ከነዚያ አይደለችም፤ አደራ እንዳታደበላልቁብኝ።) ቶዮታ በጥር 2020 አሜሪካ ውስጥ ወደ 700 ሺህ የሚጠጉ መኪኖችን፣ የሌክሰስ ኤስዩቪዎችን ጨምሮ፣ ጠራ። በመጋቢት ቁጥሩ 1.8 ሚሊዮን ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ 3.34 ሚሊዮን ደረሰ። ሆንዳ ደግሞ በታኅሣሥ 2023 ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ጠራ። እኔን የያዘኝ የቁጥሩ ብዛት አይደለም። በጥር ወር ስልክ ደውሎ «የርስዎ መኪና የለችበትም» የተባለ ሰው በመጋቢት አለችበት መባሉ ነው። በመካከሉ መኪናዋ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ዝርዝሩ ነው።

እኛም ጋ የሆነው እንዲሁ ነው። ሪኮል የሚሉት ነገር በአሜሪካ ከ1966ቱ የመኪና ደኅንነት ሕግ የመጣ ነው፤ አምራቹ ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ሲገኝበት ለመንግሥት ያሳውቃል፣ ለባለቤቶች ደብዳቤ ይልካል፣ በነፃ ይጠግናል። መኪናዋ መጀመሪያ ከተሸጠች አሥራ አምስት ዓመት ካልሞላት ሁለተኛም ሦስተኛም ባለቤት መሆን ለውጥ የለውም። ሁሉም ነገር ግን የሚቆመው በሻንሲ ቁጥር ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ታስገባላችሁ፤ ወይ አለች ወይ የለችም። በጥር 2023 የኛን ሳስገባ የለችም። እንደኛው አንድ ዓይነት ስሪት፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያላት የጎረቤታችን መኪናም የለችም። ችግሩ «ችግር» ተብሎ ገና አልተመዘገበም ነበር።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ለመንግሥቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጻፍኩ። ማንም ሰው መጻፍ ይችላል፤ ስምና አድራሻ ተቀንሶ ለሕዝብ ይታያል። አባዬ ሲሰማ ደነገጠ። «ስሜን መንግሥት ቤት አታስገቢብኝ ብዬሻለሁ!» አለ። ክስ አይደለም፣ ጥቆማ ነው ብለው አልገባውም። የሌሎቹን ጥቆማዎች ግን አነበብኩለት፤ አንዷ ሴትዮ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ስታመጣ፣ አንድ ሽማግሌ ድልድይ ላይ። ዝም ብሎ አዳመጠና «ሁሉም ላምባ ቀላቅለው ነዋ!» አለ። ከዚያች ቀን በኋላ ነው መሳቅ የጀመረው።

በ2024 ጸደይ ደብዳቤው መጣ። ሊጠፋ ለጥቂት ነበር። አባዬ «የመኪናዎ ዋስትና ሊያልቅ ነው» በሚሉ የማጭበርበሪያ ደብዳቤዎችና ስልኮች ስለተሰላቸ ፖስታውን ሳይከፍት ከማስታወቂያዎቹ ጋር አድርጎት ነበር። ቀዩን ማኅተም ያየችው እማዬ ናት። ጉድለት፦ የነዳጅ ፓምፕ። የሻንሲ ቁጥር፦ የኛው። አባዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ፤ ሁለተኛውን ያስነበበኝ «መጥፎ ነዳጅ» የሚል ቃል አለመኖሩን ለማረጋገጥ ይመስለኛል።

ዕቃ እስኪመጣ ሁለት ወር ጠበቅን፤ ከዚያ በነፃ ቀየሩ። እስከዚህ አመሰግናለሁ። ክርክሩ የመጣው ባለፈው በከፈልነው ላይ ነው። አሜሪካኖች በ2000 የፎርድ ኤክስፕሎረርና የፋየርስቶን ጎማ ቀውስ ጊዜ ባወጡት ሕግ፣ አምራች ሪኮል ከማወጁ በፊት በኪሳቸው ላስጠገኑ ሰዎች ገንዘብ የሚመልስበት ዕቅድ እንዲኖረው ግዴታ አለበት። መልካም ሕግ ነው። ግን የጊዜ ወሰን አለው፣ ማስረጃም ይጠይቃል፤ ማስረጃ ማለት ደግሞ ደረሰኝ ነው።

እኛ ምን አለን? ፓምፑ አለን! በፌስታል፣ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ፣ ከነተጣመመችው ፕላስቲኳ። ፎቶ አንስቼ ላክሁ። የጎታቹን ደረሰኝ ላክሁ። የዲለሩን የምርመራ ወረቀት፣ ራሳቸው «ፓምፑ ሞቷል» ብለው የጻፉትን፣ ላክሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ የጥገናው ክፍያ ደረሰኝ አልተያያዘም።

መካኒኩ ጋ ሄድን። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ወዲያው የደረሰኝ ጥራዝ አወጣና «በስንት ቀን ልጻፈው ጋሼ?» አለ። ቀላል ነው። ጥር 2023 ብሎ መጻፍ፣ መፈረም፣ አለቀ። ሥራው በእርግጥ ተሠርቷል፣ ገንዘቡም በእርግጥ ተከፍሏል። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጻፍልን ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አባዬ «የዛሬን ቀን ጻፍ» አለ። «ከዚያ ሥር፣ ይህን ሥራ ያኔ መሥራቴን፣ ይህን ያህል መቀበሌን አረጋግጣለሁ በል።» መካኒኩ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። አባዬ ቀጠለ፤ «ላምባ አልቀላቀልኩም ብዬ አንድ ዓመት ተሟግቼ ዛሬ ወረቀት ልቀላቅል?»

ተጻፈ። ተላከ። መልሱ በአንድ ሳምንት መጣ፤ ደረሰኙ የተጻፈው ከሪኮሉ ማስታወቂያ በኋላ ስለሆነ ተቀባይነት የለውም። አንብቤ ስጨርስ እንባዬ መጣ፣ ከንዴት። ዋሽተን ቢሆን 850 ዶላራችንን ይዘን ነበር። ይህን ለአባዬ አልነገርኩትም፤ ግን የታክሲ ሰው ሒሳብ አይጠፋውም።

አሁን ሦስተኛ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ፓምፑን ራሱን ልላክላችሁ፣ የመለያ ቁጥሩን ከመዝገባችሁ አመሳክሩ ብዬ። ግልባጩን ለመንግሥቱ መሥሪያ ቤትም ልኬአለሁ፤ በዚህኛው ላይ አባዬ ስሙን ራሱ ጻፈ፣ በትልልቁ። ወዳጆቻችንን ደግሞ እያስቸገርኩ ነው። እሑድ እሑድ ቡና ላይ የሰውን ሁሉ ሊብሬ እየተቀበልኩ የሻንሲ ቁጥር አያለሁ፤ እስካሁን ሁለት ሰው ሳያውቅ ሪኮል ያለባት መኪና ሲነዳ አግኝቻለሁ፣ አንዱ ለሳምንት ኡበር የሚሠራባት ናት። አጎቴ አዲስ አበባ ሆኖ የራሱን ላከልኝ፤ ከአሜሪካ የገባች ናት። በዝርዝሩ ውስጥ አለች። ደብዳቤው ግን የሚሄደው እዚህ በክፍለ ግዛቶቹ መዝገብ ላይ ወዳለ አድራሻ ነው፤ የአጎቴ ደብዳቤ ምናልባት ቴክሳስ አንድ ሰው በር ሥር ወድቋል። ምን እንደምለው ገና አላወቅሁም። «ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት ለጊዜው።

አባዬ መኪናዋን አልሸጣትም። አዲሱ ፓምፕ እስካሁን ደኅና ነው። ግን በግራው መስመር አይሄድም፤ ቤልትዌዩ ላይ ከቀኝ ዳር ተለጥፎ፣ የጭነት መኪኖች እየቀደሙት ነው የሚነዳው። እማዬም ወንበሯን ታሞቃለች፤ የሲልቨር ስፕሪንግ መውጫ ሲቃረብ የበሩን እጀታ ትይዛለች፣ ካለፉ በኋላ ትለቃለች።